ችሎት በር ላይ የሚነግረን አንድ ሰው አቁሙልን

ይድረስ፦ በከተማችን የወንጀል ችሎቶችን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች በሙሉ
ግልባጭ፦ ነገ ጠዋት ልጄን ወይ ወንድሜን ብሎ ችሎት ለሚሄድ ሰው
ጉዳዩ፦ ችሎት ለሚመጣ ቤተሰብ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው ሰው እንዲመደብለት ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ሱቅ ነው የምሰራው። ግን በወንድሜ ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ምድብ ችሎት አስራ አንድ ቀን ተመላልሻለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አልጽፍም ምክንያቱም የአንድ ቦታ ጥፋት አይመስለኝም፣ ኮሪደር ላይ አብረውኝ የጠበቁ ሰዎች ሌላ ጋም ሄደው ያው እንደሆነ ነው የነገሩኝ። ስለ ፍርዱ ላማርር አይደለም። ወንድሜ ሰፈር ውስጥ ተጣልቶ ድንጋይ ወርውሮ የሰው ልጅ ፈንክቷል፣ ልጁ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ይሄ ያሳፍረናል እንጂ አንክደውም። የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ዳኛው አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ እኛም አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው፣ ግን አስራ አንድ ቀን ቁጭ ብለን ሰምተን ግማሹ ምን እንደሆነ ሳይገባን ነው የወጣነው፣ እና ባለማወቃችን ብቻ የጠፋብን ነገር አለ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ወንድሜ የተያዘው ቅዳሜ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል ሲሉን እማዬ በቃ ሰኞ ይፈረድበታል ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ማንም አልነገራትማ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር ማለት ነው፣ እና የዛን ቀን የሚታየው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው አይደለም። ጊዜ ቀጠሮ ነው የሚባለው። ፖሊሱ ምርመራዬን አልጨረስኩም፣ ምስክር አልሰማሁም፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣልኝም ብሎ ቀን ይጠይቃል፣ ዳኛው ወይ ይፈቅዳሉ ወይ ይቀንሱታል ወይ ዋስትና ይሰጣሉ። በአንዴ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም፣ ግን እሱ ሲያልቅ ደግሞ ሊጠየቅ ይችላል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲሰጥ አለቀልን ብላችሁ እንዳትወድቁ።

እኛ የዛን ቀን ያየነው ሦስት ደቂቃ ነው። ከሦስት ሰዓት በፊት ደርሰን ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንድሜ በካቴና ከማያውቀው ልጅ ጋር ታስሮ ገባ፣ ፖሊሱ አንድ ነገር አነበበ፣ ዳኛው ጻፉ፣ ቀን ተናገሩ፣ ወጣ። እማዬ እንጀራ በፌስታል ቋጥራ ይዛ ነበር፣ ልጇ በአጠገቧ ሲያልፍ ብድግ ብላ ልትሰጠው ስትል ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ከለከላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ችሎት ውስጥ ለእስረኛ ምንም ማቀበል አይቻልም፣ ምግብ የሚገባው ጣቢያ ነው። ግን እሷ ፌስታሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች፣ ወጡ በፌስታሉ ስር ነጠላዋ ላይ እየተንጠባጠበ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር በር ላይ የሚነግራት ሰው ቢኖር ጠዋት መጀመሪያ ጣቢያ አድርሳለት ትመጣ ነበር።

ዋስትናውም ወዲያው አልተፈቀደም። እኛ ጉቦ የተፈለገ መስሎን ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አጎቴ ገንዘብ እያሰባሰበ ነበር። በር ላይ ደግሞ ዳኛውን አውቃቸዋለሁ የሚል ሰው አይጠፋም፣ ለእኛም መጥቶልን ነበር። በኋላ ነው የገባን፣ ሕጉ ራሱ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሊሞት ይችላል የሚያሰኝ ነገር ካለ ዋስትና አይፈቅድም፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ይጠብቅ የነበረው ልጁ ከአደጋ ወጥቷል የሚል የሆስፒታል ወረቀት ነው። ወረቀቱ መጣ፣ በ10,000 ብር ዋስ ተፈታ። በቃ ይሄው ነው። አንድ ሰው ይሄን ቢነግረን አጎቴ ለዛ ሰውዬ ሊሰጥ የነበረውን ብር ይዞ አያድርም ነበር፣ እኛም አንድ ሳምንት ሙሉ ዳኛውን በልባችን አንረግምም ነበር።

የዋስ ብሩ ደረሰኝ ላይ ላስምርበት። በወንጀል ጉዳይ የዳኝነት ክፍያ የሚባል ነገር የለም፣ የምትከፍሉት የዋስ ማስያዣ ነው፣ ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ከተገኘ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። የሚመለሰው ግን በደረሰኙ ነው። እማዬ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣው ስለነበር ስንፈልገው አገኘነው። ከእኛ ፊት ተሰልፈው የነበሩ ሽማግሌ ግን ጠፍቶባቸው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ነው የተውናቸው።

ክስ ከተመሰረተ በኋላ ያለው ቀን ሌላ ነው። በር ላይ መታወቂያ ይታያል፣ ፍተሻ አለ፣ ሴትና ወንድ ለየብቻ። ከግቢው ውጭ ጃንጥላ ስር የተቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፣ ፎቶኮፒ ቤቶች አሉ። ከገባችሁ በኋላ ዋናው ነገር የመዝገብ ቁጥር ነው። ስም ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ትንከራተታላችሁ፣ እኔ ሁለተኛው ቀን ላይ የሆነ ችሎት ገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው የመኪና ስርቆት ክርክር ስሰማ ቆይቼ የወንድሜ ስም ሲጠራ ሌላ ክፍል ነበር፣ ደግነቱ እሱ ራሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በዋስ የወጣ ሰው ስሙ ሲጠራ ካልተገኘ ታስሮ እንዲቀርብ ይታዘዛል፣ የዋሱም ብር አደጋ ላይ ነው፣ ስለዚህ በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ላይ ቁጥሩን አይቶ ችሎቱን ማረጋገጥ፣ ካልተገኘ መዝገብ ቤት መጠየቅ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ 3:00 ተብላችሁ ብትቀጠሩም 3:00 የተባለው ሁሉም ሰው ነው፣ ሠላሳ ሰው ይሁን አርባ። የዛን ቀን ሥራ የለኝም በሉ፣ ውሃ ያዙ፣ ለሕፃን የሚሆን ነገር ያዙ፣ ከተቻለ ሕፃኑን ቤት ተዉት።

ችሎቱ ራሱ ፊልም ላይ እንደሚታየው ትልቅ አዳራሽ አይደለም። የእኛው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ያክላል፣ ፊት ለፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጥቁር ካባ የለበሱት ዳኛ፣ ከስር ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ በኩል ዐቃቤ ሕግ በሌላው ጠበቃ፣ ከኋላ እኛ አግዳሚ ላይ ተጣበን። ዳኛው ሲገቡ ይነሳል። ስልክ ይጠፋል፣ ድምፁን መቀነስ አይበቃም። ፎቶ ማንሳትና መቅረጽ ክልክል ነው። ባርኔጣ ይወልቃል። ማውራት፣ ማልቀስ፣ እሱ ነው የጀመረው ብሎ ከኋላ መጮህ ችሎት መድፈር ሊባል ይችላል፣ ዳኛው እዛው ሊቀጡ ይችላሉ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስልኳ ጮሆ ከችሎት ስትወጣ አይቻለሁ፣ ያውም የእሷ ሰው የተጠራው ከወጣች በኋላ ነው።

ደግሞ ማንም ሰው መግባት ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ በግልጽ አለ። በዝግ የሚታዩ አሉ፣ ሕፃናት ያሉበት፣ የግል ሕይወትን የሚነካ፣ የመሳሰለው፣ ያኔ ውጡ ትባላላችሁ፣ አትቀየሙ። ከዛ ውጭ ግን ማነህ ምን ልትሰራ መጣህ ሊባል አይገባም። አንድ ጥበቃ ዘመድ ካልሆንሽ አትገቢም ብሎ የሰፈራችንን ልጅ ከበር መልሷታል፣ እባካችሁ ለጥበቃዎቹም ንገሯቸው።

አሁን ወደከበደኝ ልምጣ። ክሱ የተነበበ ቀን ወንድሜ ተጠየቀ፣ ክሱ ገብቶሃል ወይ፣ ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ። ይሄ እምነት ክህደት ይባላል። ወንድሜ ደግ ልጅ ነው፣ አዎ መትቼዋለሁ፣ ግን እሱ ቀድሞ በዱላ መጣብኝ አለ። እኛ ከኋላ ሆነን እውነቱን ተናገረ፣ ይቀልለታል ብለን ተደሰትን። የተመዘገበው ግን ክህደት ተብሎ ነው። ተንኮል አይደለም፣ ሕጉ እንደዛ ነው፣ «ግን» የሚል ነገር ካለበት ሙሉ እምነት አይደለም፣ ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ምስክር ያሰማል፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ያለምንም «ግን» ቢያምን ደግሞ እዛው ጥፋተኛ ሊባል ይችላል፣ ማመኑ ቅጣት ሲወሰን በማቅለያነት ይያዝለታል። የትኛው ይሻል ነበር የሚለውን እኔ አላውቅም፣ የጠበቃ ሥራ ነው፣ ግን የሀያ ሁለት ዓመት ልጅ ይሄን ሳያውቅ ብቻውን ቆሞ መመለስ አልነበረበትም። ያኔ ጠበቃ አልነበረንም። ዕቁቤን አስቀድሜ ወስጄ ጠበቃ ያቆምነው ከዛ በኋላ ነው። አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ጠበቃ ከሌለው ፍትህ ይጓደላል በሚባል ጊዜ፣ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል፣ ግን ያንን መጠየቅ እንደሚቻል ያወቅነው ብሩ ካለቀ በኋላ ነው። ችሎት ቆማችሁ ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም ለማለት አትፈሩ። አማርኛ በደንብ ለማይሰማ ሰውም አስተርጓሚ መብቱ ነው፣ ገብቶት ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ሳይገባውም የሚነቀንቅ አይቻለሁ።

የምስክሩ ነገር ደግሞ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ጠቡን ከመጀመሪያው ያዩት ጎረቤታችን ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ፊት ለፊታችን ጫማ የሚጠግኑ። እኛን ሊያበረታቱ ብለው በየቀጠሮው አብረውን ይመጡ ነበር። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች የሚሰሙ ቀን ምስክር የሆናችሁ ውጡ ሲባል ጋሼ የዛን ቀን እኔ አልመሰክርም ብለው ከእኛ ጋር ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሦስቱንም ምስክሮች ከነመስቀለኛ ጥያቄው፣ ማለት ተቃራኒው ወገን ከሚጠይቃቸው ጋር፣ ሰሙ። ከወራት በኋላ የመከላከያ ምስክር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ምለው ሊጀምሩ ሲሉ ዐቃቤ ሕጓ ተነሳች፣ ክቡር ፍርድ ቤት እኚህ ሰው የሌሎቹን ቃል ተቀምጠው ሲሰሙ ነበር አለች። እውነቷን ነው። ቃላቸው ተሰማ፣ ግን ውሳኔው ሲነበብ ያን ያህል ክብደት እንዳልተሰጠው ሰማን። ጋሼ አንድ ቃል አልዋሹም። እስከዛሬ እኔ ነኝ ያበላሸሁባችሁ እያሉ ያዩናል፣ ቤታችን ቡና ሲጠሩ መምጣት ተዉ። ስለዚህ ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ የማንም ወገን ምስክር ብትሆኑ፣ ተራችሁ የዛሬ ስድስት ወር ቢሆንም፣ ችሎት ውስጥ አትቀመጡ፣ ኮሪደር ላይ ጠብቁ።

እና ብይን የተሰጠ ቀን። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ካለቁ በኋላ ዳኛው ከወረቀት ነው ያነበቡት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ከመስኮቱ ስር መኪና ጥሩንባ እየነፋ። የሰማነው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 142 መሠረት ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ተሰጥቷል የሚለውን ነው፣ ከዛ ቀጠሮ፣ ከዛ የሚቀጥለው ተጠራ። ውጭ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው፣ በጣም አዝኖልን ነው ያውም፣ ተከላከል ከተባለማ አለቀለት፣ ተፈርዶበታል ማለት ነው አለን። እማዬ እዛው ኮሪደሩ ላይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንደሞተባት። ወንድሜ አጠገቧ ቆሟል እኮ፣ በዋስ ነው ያለው፣ እጇን ይዞ እማ ተይ ይላታል። እንደዛ ሆና ታክሲ ውስጥ ገባች፣ ሰፈር ደረስን፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ መጥተው ያጽናኗት ጀመር። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ጠበቃው ስልክ ያነሳው። ተከላከል ማለት ጥፋተኛ ማለት አይደለም አለ። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ ለጊዜው ክሱን አስረድቷል፣ ስለዚህ አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ ምስክራችሁን አምጡ ማለት ነው። ማስረጃው ባያስረዳ ኖሮ በዚያው ሕግ ቁጥር 141 መሠረት እዛው በነፃ ይሰናበት ነበር። ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አንዲት እናት በሕይወት ያለ ልጇን ስታለቅስ ዋለች፣ ለአንድ ቃል ትርጉም።

አያቴ ድሮ በሕግ አምላክ ሲባል ሰው ከነሩጫው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ይሉን ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ያንዱ ከሌላው ሳይፈታ፣ ዳኛ ጋ ይሄዳሉ፣ ዛፍ ስር ተጠየቅ ልጠየቅ ይባባላሉ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፣ ይገባዋልም። ያ ዘመን ይመለስ አላልኩም፣ ዛሬ የሚሻል ብዙ ነገር አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ይግባኝ አለ። ግን ሕዝቡ ይሰማ የነበረውን ነገር አሁንም ሊሰማው ይገባል።

የተመታው ልጅ እናትም እንደኛው ነበሩ። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። መጀመሪያ ላይ ኮሪደሩ ላይ እኛ በዚህ ጫፍ እሳቸው በዚያ ጫፍ ነበር የምንቀመጠው፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። እሳቸው ደግሞ ልጄ ተመትቶብኝ ለምን ከሳሽ ተብዬ አልጠራም፣ ለምን ዝም ብዬ ከኋላ እቀመጣለሁ ይላሉ፣ ዐቃቤ ሕጓ የእሳቸውን ጉዳይ ይዛ እንደምትከራከር የነገራቸው የለም፣ ልጃቸው እንደ ምስክር ብቻ ሲጠራ ተናቅን ብለው ተቆጥተው ነበር። ሰባተኛው ይሁን ስምንተኛው ቀን ላይ፣ ችሎቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል ሲባል እሳቸው አልሰሙም፣ ብቻቸውን ባዶ ክፍል በር ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው። ሄጄ እማማ በዚህ በኩል ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ተከተሉኝ። ስንወጣ ዛሬ ምን አሉ ልጄ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔ የገባኝን ነገርኳቸው። ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው።

ሽማግሌም ተልኮ እርቅ ወርዷል፣ የሕክምናውንም ከፍለናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ከታረቅን ክሱ ይቀራል ብሎ ቀጠሮ ይቀራል። አንዳንድ ቀላል ጉዳዮች በተበዳይ አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ስለሆኑ ሊቀሩ ይችላሉ፣ ሌላውን ግን ዐቃቤ ሕግ ይቀጥልበታል፣ እርቁ የሚጠቅመው ቅጣት ሲወሰን ነው። ለእኛም ጠቅሞናል። የመጨረሻው ቀን ዳኛው 4 ወር ቀላል እስራት ሲሉ እማዬ ክንዴን ይዛ ጥፍሯ ገባብኝ፣ ቀጥለው ቅጣቱ በ2 ዓመት ገደብ ታግዷል አሉ። በገደብ ማለት በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ እኔ ስለማውቀው ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። ይግባኝ ማለት የሚፈልግ ከውሳኔው በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፣ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለው። እኛ አላልንም።

የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት አይደለም። በር ላይ አንድ ሰው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው፣ ጠበቃ ያልሆነ፣ ምክር የማይሰጥ፣ ዛሬ ጊዜ ቀጠሮ ነው ብይን አይደለም፣ ምግቡ ጣቢያ ነው የሚገባው፣ አንተ ምስክር ስለሆንክ ውጭ ጠብቅ የሚል ሰው። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ እምነት ክህደት፣ ተከላከል፣ ገደብ፣ ይግባኝ ምን ማለት እንደሆነ በተራ አማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች የተጻፈ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ያ ወንበር ላይ ያለው ሰው ያነብለታል። ዳኞቹ ሥራ እንደሚበዛባቸው አይቻለሁ፣ የመዝገቡን ክምር በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግን ብይን ካነበቡ በኋላ ይሄ ማለት እንደዚህ ማለት ነው ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ሃያ ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ሰው የለንም ካላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ሱቁን የምከፍተው ከሰዓት ነው፣ ጠዋት ጠዋት በነፃ መጥቼ እቀመጣለሁ። የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው፣ የማላውቀውን ወደ መዝገብ ቤት እልካለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሕግ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ እሷም ጓደኞቿን ይዛ እመጣለሁ ብላለች። ወንበሩንና ፈቃዱን ብቻ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ተከሳሽ እህት፣ አዲስ አበባ